የካንዴላ ጅራት

በሩ ሲላተም ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ደነገጠ። ከበሩ ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ግን የበር አልነበረም፤ ቀጭን፣ የሕፃን የሚመስል ጩኸት ነበር። ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሻይዋን ጭኗ ላይ ደፋችው። ጆሯቸው እምብዛም የማይሰማው ጡረተኛ መምህር ደግሞ «ይግቡ፣ ይግቡ» እያሉ ከወንበራቸው ለመነሳት ተንገዳገዱ።

የገባ ሰው የለም። በሩ የካንዴላን ጅራት ነክሶ ይዞ ነው።

ካንዴላ ድመት ናት፤ ከእፍኝ የማታልፍ ግልገል ድመት። ስሙን ያወጣላት ሟቹ ነው። ሟቹ መካኒክ ነበር፤ ጋራዡም ሰፈሩም «ጋሽ ብሎን» ይለው ነበር። አንድ ቀን የአሮጌ ታክሲ ኮፈን ሲከፍት ሞተሩ ጥግ ተወትፋ አገኛትና በቱታው ኪስ ከቶ ይዟት መጣ። «ካንዴላ እንላታለን» አለ። «ትንሽ ናት፤ ግን እሷ እሳት ካልጫረች ሞተሩ አይነሳም።» ሳምንት ሳይቆይ የራሱ ሞተር ቆመ። የቀበሩት ከትናንት በስቲያ ነው።

ሚስቱ ለበሩ ቅርብ ነበረች። ይህቺ ሴት፣ ሐሜት አይሁንብኝና፣ በገዛ ጥላዋ የምትደነግጥ ናት። ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ ሰማይ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር ለመግባት ጥቂት ነው የሚቀራት። ድመትማ ጭራሽ አይወራ! ካንዴላ በመጣች ቀን «እራትህ ምድጃው ላይ አለልህ» ያለችው ወንበር ላይ ቆማ ነው። ባሏ «ደንባራዬ» ይላት ነበር። ሌላ ሰው ቢላት ታኮርፍ ነበር፤ ከሱ አፍ ሲወጣ ግን «እኔ አለሁ አይደል?» የሚል ስለሚከተለው ትወደው ነበር። አሁን የሚከተለው ነገር የለም።

በሩን በሁለት እጇ ገፋችው። ግልገሏ ወደቀች፣ ተነሳች፣ እየተንገዳገደች ሮጣ ቁም ሳጥኑ ሥር ገባች። ጅራቷ ከሥሩ ታጥፎ እንደ ጨርቅ እየተጎተተ ተከተላት። ደሙ ጥቂት ነው፤ ሴትየዋን ክው ያደረጋት ደሙ አልነበረም፤ ጅራቱ የድመቷ አለመምሰሉ ነበር።

«ጎማው የት ሄደ?» አለች ዞር ብላ።

ያ በር ነፋስ ካገኘው እንደሚላተም ባሏ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ካረጀ የመኪና ጎማ ቁራጭ ቆርጦ ሥሩ ወትፎለት ነበር። ጎማው እዚያው በር ሥር አርጅቶ፣ አቧራ ጠግቦ፣ የቤቱ አካል ሆኖ ቀርቶ ነበር።

«የቱ ጎማ?» አለች የባሏ ታላቅ እህት ከጓዳ ብቅ ብላ። «ያ ጥቁር ቆሻሻ? ሰው ሊመጣ ነው ብዬ ጠዋት ስጠርግ ጣልኩት።»

ከቀብሩ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ወንበር ትደረድራለች፣ ፔርሙስ ትሞላለች፣ ማን መጥቶ ማን እንደቀረ ታውቃለች። ሐዘኗን በመጥረጊያ የምትወጣ ሴት ናት፤ እስካሁን አንድ ዘለላ እንባ አልታየባትም።

«ጅራቷ እኮ ተሰበረ፣ እትዬ።»

«ይሰበራ! ወንድሜን አፈር አልብሼ መጥቼ ለድመት ጅራት ላልቅስ? ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት፤ ምንም አትሆንም። ነይ ቁጭ በይ፣ ሰው እያየሽ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጉንጯን ይዛ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» አለች ቀስ ብላ።

ሴትየዋ ቁጭ አላለችም። ተንበርክካ ቁም ሳጥኑ ሥር አየች። ሁለት ዓይን ያበራል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል። እጇን ስትሰድ ግልገሏ እፍፍ ብላ አውራ ጣቷን ነከሰቻት። ጮኸች። እጇን መልሳ ሳበች። በሌላ ቀን ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ባሏን ትጠራለች፣ እሱ እየሳቀ ይመጣል። አፏን ልትጣራ ከፈተች እንኳ። ከዚያ ዘጋችውና ወደ ጓሮ በር ሄዳ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ቱታ አወረደች።

ስለ ቱታው መናገር ያስፈልጋል። ሟቹ ሁለት ቱታ ነበረው፤ አንዱን ሲለብስ አንዱ ይታጠባል። የሞተ ዕለት የለበሰው የታጠበውን ነው። ይኼኛው የመታጠብ ተራውን ሲጠብቅ ቀረ። ከተጋቡ ጀምሮ ሴትየዋ ከዚህ ልብስ ሽታ ጋር ስትጣላ ነው የኖረችው፤ ግሪስ፣ ናፍጣ፣ ላብ፣ ምኑ ቅጡ! «ከነቱታህ እንዳትገባ፣ ውጭ አውልቀው!» ትለዋለች ሁልጊዜ። ከቀብር ሲመለሱ እትዬ ልታጥበው ስታነሳው ግን ከእጇ መንጭቃ ወስዳ መልሳ ሰቀለችው። ከሱ የቀረ ሽታ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ቱታውን ቁም ሳጥኑ ሥር ሰደደችው። ግልገሏ አሸተተችው። ቀስ ብላ፣ ሆዷን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ ራሷ መጥታ እላዩ ላይ ወጣች። ሴትየዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቀፈቻት። ሲንቀጠቀጡ ማን ማንን እንደሚያንቀጠቅጥ አይለይም ነበር።

ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ተነሳ። «መኪና ይዣለሁ» አለ።

«ልትወጪ?» አለች እትዬ። «ባልሽ ሞቶ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ ድመት ታቅፈሽ ልትወጪ?»

«አዎ እትዬ» አለች፤ ድምፁ የሷ ስላልመሰላት እሱም አስደነገጣት።

መንገድ ላይ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ግልገሏ ታለቅሳለች። ኤሌክትሪሺያኑ ለድመቷ ብሎ እርጉዝ እንደጫነ ሰው ነው የሚነዳው። ሴትየዋ ከቤት ከወጡ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አፏ ላይ ነበር፤ መልሱን ስለፈራች ስትውጠው ቆየች።

«ያን ቀን ጠዋት ግራ ክንዱን ሲያሸው አይቼዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ በፊትስ? ጋራዥ እያለ አሞት ያውቃል?»

ሰውየው ማርሽ ቀየረ። «አንድ ሁለቴ ሥራ አቁሞ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እህቴ። ላብ በላብ ሆኖ። ሐኪም ቤት እንውሰድህ ስንለው…»

«ስትሉት?»

«‹ለደንባራዬ እንዳትነግሯት፤ ትደነግጣለች› አለን።»

ሴትየዋ ቱታውን ጨብጣ ያዘች። ንዴቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ለማይረባው ነገር ሁሉ ስትደነግጥ ኖራ፣ ሊደነገጥበት የሚገባውን አንዱን ነገር ደበቋት። «ብደነግጥስ?» አለች ለራሷ ይሁን ለቱታው ሳይለይ። «ብደነግጥ ምን ነበረበት?»

የእንስሳት ሐኪሟ ክፍል ደጃፍ ላይ ጥጃ የሚያክል ውሻ ተኝቷል። ሌላ ጊዜ እግሬ አውጪኝ ትል ነበር። አሁን ዘልላው ገባች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጅጌዋን ሰብስባ ግልገሏን ከቱታው ሳታወጣ መረመረቻት። የኋላ እግሯን ጣት ቆንጠጥ አደረገች፤ ካንዴላ ጮኸች። «ይሰማታል፤ ደግ ነው።» ጅራቷን ቆነጠጠች። ካንዴላ ዝም።

«ጅራቷ ሞቷል ማለት ነው?» አለች ሴትየዋ፤ «ሞቷል» የሚለው ቃል አፏን አቃጠላት።

«ካልዳነ በኋላ እንቆርጠዋለን። ድመት ያለ ጅራት ደህና አድርጋ ትኖራለች። እኔን ያሳሰበኝ እሱ አይደለም።» ሐኪሟ ሆዷን ዳበሰች። «ጅራት እንዲህ ሲጎተት ሽንት የሚያዘው ነርቭም አብሮ ይጎተታል። ፊኛዋ ሞልቷል። አሁን ተጭኜ አወጣላታለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን በራሷ መሽናት አለባት። እስከ ነገ እኩለ ቀን ካልሸናች ይዘዋት ይምጡ።»

«ባትሸናስ፣ ልጄ?»

«ነርቩ አንዳንዴ ይመለሳል፤ አንዳንዴ አይመለስም። ካልተመለሰ አትተርፍም። አልዋሽዎትም።»

ሴትየዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ሌላ ሞት። እቤት ውስጥ፣ በዚያው ሳምንት፣ እሱ በኪሱ ይዞ ያመጣው ነገር። «ምናልባት አጋንኜ ይሆናል እያልኩ ነበር» አለች። «ፈሪ ነኝ፤ ሁሉም ያውቀኛል።»

«የሚፈሩ ሰዎች ቶሎ ይመጣሉ» አለች ሐኪሟ እጇን እየታጠበች። «ነገር ካለቀ በኋላ የሚመጡት ደፋሮቹ ናቸው።» ከዚያ ሲወጡ ጠራቻት። «የሰጠኋት መርፌ ሕመሟን ይይዝላታል። የሰው ክኒን እንዳትሰጧት አደራ! የራስ ምታት ክኒን ግማሹ እንኳ ድመት ይገድላል።»

ቤት ሲመለሱ ካንዴላን ካርቶን ውስጥ አስተኛቻት። ቱታውን ከሥሯ ልታወጣ ብትሞክር ግልገሏ በጥፍሯ ሙጭጭ አለች፤ ተወችላት። ካርቶኑን ከወንበሯ ሥር አድርጋ ሰው መሐል ተቀመጠች። የሚመጣው ይመጣል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ሻዩን ይጠጣል። ከዚያ ካርቶኑን ያያል።

«ምንድን ነው እሱ?» ትላለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ድመት ናት አሉ።»

«ድመት! በለቅሶ?»

«ሐኪም ቤት ወስዳት ነው የመጣችው።»

«አይ ሐዘን! ስንቱን ያሳብዳል።»

ጡረተኛው መምህር ሹክሹክታ ስለማይሰሙ እሳቸው በግልጽ ጠየቁ። «የታመመው ማን ነው?» ብለው ጮኹ። ልብስ ሰፊዋ ጆሯቸው ላይ ነገረቻቸው። «እህ» አሉ። «የሱ ድመት ናታ። እንዴት ናት?» ከዚያ በኋላ ሹክሹክታው ትንሽ ቀለል አለ።

ሴትየዋ ጣቷን በየጊዜው ከግልገሏ ሥር ትሰዳለች። ደረቅ ነው። ሻይ ይዞራል፤ ጣቷን ትሰዳለች፤ ደረቅ። ፍርሃቷ የምታውቀው ዓይነት አይደለም። የድሮው ፍርሃት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ይኼኛው ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ ፈርታ ታውቃለች፤ ያን ቀን ጠዋት።

ያን ቀን ጠዋት ባሏ እንደ ልማዱ በጓሮ በር በኩል ሊወጣ ነበር። መስኮቱ ላይ ባዶ የቲማቲም ጣሳ አለ። ልብስ ከማጠቧ በፊት ኪሱን በርብራ የምታገኘውን ብሎን እዚያ ትጨምራለች፤ እሱ ሲወጣ እጁ እንዲደርስበት ጣሳውን ወደ በሩ በኩል ታስጠጋለታለች። «እዚህ ቤት ሌባ አለ፤ ኪሴን የሚበረብር» እያለ ዘግኖ ይሄዳል። ያን ቀን ግን ጣሳውን አልነካም። በሩን ተደግፎ ክንዱን ያሽ ነበር። ከንፈሩ ዓመድ መስሏል።

«ምን ሆነሃል?»

«ክንዴን ተኝቼበት ነው። አንድ ክኒን ስጪኝ።»

«ወዝህ ልክ አይደለም። ልደውል? ሐኪም ቤት እንሂድ?»

«ጀመራት!» ብሎ ሳቀ። «ትናንት ድመት፣ ዛሬ ክንድ። ደንባራዬ፣ እኔ አለሁ አይደል?» ክኒኑን ውጦ ሄደ። እሷ ስልኩን እንደያዘች ቆማ ቀረች። መደወል አሳፈራት፤ በሷ ድንጋጤ መሳቅ የቤቱ ባህል ሆኖ የለ? ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራ ከኖረችው ሁሉ ፍርሃቷ ልክ የነበረው ያኔ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዋጥ አደረገችው።

ወደ ማምሻው ላይ የመጨረሻዎቹን እንግዶች እስከ ደጅ ሸኝታ ስትመለስ እትዬ ካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። በእጇ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ ወተት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ወተት ነዋ። ትንሽ ማስታገሻ ፈጭቼበታለሁ፤ ግማሽ ፍሬ ብቻ። ስታቃስት አላስችል አለኝ።»

ሴትየዋ ዘልላ ደረሰች። ሳህኑን ስትመታው ወተቱ ግድግዳው ላይ ተረጨ። «ቀመሰችው? እትዬ፣ ቀመሰችው ወይ?» ግልገሏን አንስታ አፏን በጣቷ ከፈተች፤ ጢሟን ነካች፤ ምላሷን አየች። ደረቅ ነው። እንደገና አየች። ደረቅ ነው።

«አልነካችውም! አፍንጫዋን ነው ያዞረችብኝ። ምን አደረግኩ?»

«ይገድላታል ተብያለሁ! ለሰው የሚሆነው ለሷ መርዝ ነው።»

እትዬ ያለችበት መሬት ላይ ዝርግፍ አለች። «ጎማውን ጣልኩ» አለች። «ጅራቷን ሰበርኩ። አሁን ደግሞ ልገድላት። ወንድሜ በኪሱ ያመጣትን…» እና ያ ሦስት ቀን ሙሉ በመጥረጊያ ሲጠረግ የነበረው እንባ ወጣ፤ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች።

ሴትየዋ ልትቆጣ ነበር። ካርቶኑ ሥር የወደቀውን የክኒን ማሸጊያ ስታይ ግን አጠገቧ ተቀመጠች። ማሸጊያው ሁለት ቦታ ተበስቷል። አንዱ የአሁኑ ነው።

«ይኼኛውን የወሰደው እሱ ነው» አለች ሁለተኛውን እየነካች። «ያን ቀን ጠዋት። አሞት ነበር፣ እትዬ። አይቼዋለሁ፤ ፈርቼ ነበር። ሳቀብኝና ዝም አልኩ።»

እትዬ አፍንጫዋን በሻርፗ ጠረገች። «እኔስ? ስደውልለት ድምፁ ሰልሎብኝ ‹ጉንፋን ነው› ሲለኝ አመንኩት። ወንድሜ እኮ ውሸታም ነው! ከልጅነቱ ጀምሮ። ከዛፍ ወድቆ እጁ ተሰብሮ ‹ደነዘዘኝ› ብሎ ነው ያደረው።» ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ መልሶ ለቅሶ ሆነ። ካንዴላ ከካርቶኗ ውስጥ አንዴ አቃሰተችና ዝም አለች።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ከሁሉ ቀድማ ተነስታለች። ሴትየዋ ስትወጣ ጎማውን በሩ ሥር ቦታው ላይ ተወትፎ አገኘችው። ከቆሻሻው ክምር ውስጥ ፈልጋ፣ በሳሙና አጥባ ነው የመለሰችው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። 

ካንዴላ ግን አልሸናችም። ሆዷ ጠጥሯል። ወተትም ውሃም እምቢ አለች፤ ዓይኗ ደከመ። የግድግዳው ሰዓት ወደ እኩለ ቀን ይጠጋል። ኤሌክትሪሺያኑ መኪናውን ደጅ አቁሞ ገብቶ ተቀምጧል። እንግዶቹ ትናንት የነበሩት ናቸው፤ ግን ዛሬ ስለ ሟቹ ከጠየቁ በኋላ «እሷስ?» ይላሉ በአገጫቸው ወደ ካርቶኑ እያሳዩ።

«ገና ናት» ትላለች እትዬ።

«እንሂድ መሰለኝ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ቀስ ብሎ።

ሴትየዋ ካርቶኑን ለማንሳት ጎንበስ አለች።  ከሄዱ የምትሰማውን ታውቀዋለች። በዚያው ጎንበስ እንዳለች ለመጨረሻ ጊዜ ጣቷን ከግልገሏ ሥር ሰደደች።

ሞቀ።

ጣቷን አወጣችና አየችው። መልሳ ሰደደች። ቱታው ረጥቧል፤ እየረጠበም ነው። ካንዴላ ዓይኗን ጨፍና የኋላ እግሮቿን ዘርግታለች።

«ሸናች!» ብላ ጮኸች ሴትየዋ። «ሸናች! እትዬ፣ ሸናች!»

ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ተብሎ የተጮኸበት ጊዜ ይኖር እንደሆን እንጃ። እትዬ ፔርሙሱን ጥላ እየሮጠች መጣች። ልብስ ሰፊዋ እልል ልትል አፏን ከፍታ ያለችበትን አስታውሳ በመዳፏ ከደነችው። ኤሌክትሪሺያኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ምን አለች?» አሉ መምህሩ። «ሸናች!» አሏቸው ሦስት ሰዎች ባንድ ጊዜ። «ጎሽ!» አሉ መምህሩ። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ።»

ግርግሩ ሲበርድ ሴትየዋ ግልገሏን በንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኝታ ቱታውን ከካርቶኑ አወጣችው። ፊቷ ላይ አድርጋ ሳበች። ግሪሱን ፈለገች፣ ናፍጣውን ፈለገች። የድመት ሽንት ብቻ ሸተታት። አንገትጌው ጋ ሞከረች፤ ብብቱ ጋ ሞከረች። እዚያም ሽንቱ ቀድሟት ደርሷል።

«አምጪው፣ እኔ ልጠበው» አለች እትዬ በለሰለሰ ድምፅ።

«አይ። የኔ ሥራ ነው።»

ጓሮ ወጥታ ሳፋውን ውሃ ሞላች። ቱታውን ከመንከሯ በፊት እጇ ሳታዘው ኪሶቹን መበርበር ጀመረ፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ የደረቱን። የደረቱ ኪስ ጥግ ላይ አንዲት ብሎን ተደብቃ አገኘች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ብሎኗን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጣሳው ውስጥ ጨመረቻት። ከዚያ ሲወጣ እጁ እንዲደርስበት፣ ጣሳውን ወደ በሩ በኩል አስጠጋችው።